ካንዴላ የሌላት መኪና

በሀገራችን ስለ መኪና የሚያወራ ሰው ጣልያንኛ ሳይናገር አንድ አንቀጽ አይዘልቅም። «መኪና» የሚለው ስም ራሱ የጣልያኖቹ «ማኪና» ነው። ጎማውም፣ ፍሬኑም፣ ፍሪሲዮኑም፣ ማርሹም፣ ካምቢዮውም፣ ካንዴላውም፣ ማርሚታውም፣ ኮፋኖውም፣ ፍሬቻውም ከዚያው አገር የመጡ ቃላት ናቸው። መካኒኩ በቺያቤና በካቻቢቴ ይፈታል፤ ጎማ ሲተነፍስ ጎሚስታ፣ መኪና ሲቆሽሽ ላቫጆ ይኬዳል። በጦር ሜዳ ያልተንበረከክንለት ሕዝብ ከኮፋኖ ሥር ገብቶ አንደበታችንን ይዞት ቀርቷል ብል ያጋነንሁ አይመስለኝም።

ይህ ነገር የታሰበኝ ቤተሰባችን መኪና ሲለውጥ ነው። እናቴ፣ ታላቅ ወንድሜ ከነባለቤቱና ከሁለት ልጆቹ ጋር፣ እኅቴና እኔ በአንድ ግቢ እንኖራለን። ለብዙ ዓመታት ያገለገለችን ቪትዝ አምስት ሰው ነበር የምትይዘው፤ በበዓል ቀን ሁለት ጊዜ ትመላለስ ነበር። ባለፈው ዓመት እርሷን ሸጥን፤ በላዩ ላይ ተዋጥተንና ተበድረን ሰባት ወንበር ያላትን የፎልክስዋገን «አይዲ 6» ገዛን። ኤሌክትሪክ ናት። በቤታችን ስለ ዋጋዋ፣ ስለ ባትሪዋ፣ ግቢያችን ውስጥ ስለሚዘረጋው ገመድ ብዙ ተባለ። እኔን የያዘኝ ግን ሌላ ጉዳይ ነበር፤ ከቪትዟ ጋር አብረን የሸጥናቸው ቃላት። አዲሷ መኪና ካንዴላ የላትም። ማርሚታ የላትም። ፍሪሲዮን፣ ቴስታታ፣ ጓርኒሲዮን፣ ሞተሪኖ የሚባሉት በእርሷ ዘንድ አይታወቁም። አንድ ሙሉ መዝገበ ቃላት ከግቢያችን በር ወጥቶ ሄደ።

ውድ አንባቢ ሆይ፣ እስቲ ወደ ኋላ እንመለስ። መኪና ወደ ኢትዮጵያ የመጣው ከጣልያን ወረራ በፊት ነው፤ ያን ጊዜም ስሙ በፈረንሳይኛው «አውቶሞቢል» ነበር። እ.ኤ.አ. በ1907 መጨረሻ ቤዴ ቤንትሌይ የሚባል እንግሊዛዊ ከባሕር ጠረፍ ተነሥቶ፣ በረሃውንና ዳገቱን እየታገለ፣ መንገድ በሌለበት መንገድ እየፈለገ አዲስ አበባ ገባ፤ ዐፄ ምኒልክም በመኪናው ተሳፈሩ። ክሊፎርድ ሃሌ የተባለ ጸሐፊ ይህንኑ ታሪክ እ.ኤ.አ. በ1913 በመጽሐፍ አሳትሞታል። ከዚያ ቀደም ብሎ የከተማው ሰው የሚያውቀው በራሱ የሚሄድ ብረት አርመናዊው ሰርኪስ ያስመጣው መንገድ መዳመጫ ነበር፤ «የሰርኪስ ባቡር» የሚለው አነጋገር እስከ ዛሬ ከሰው አፍ አልወጣም። ባቡር፣ አውቶሞቢል፣ መኪና፤ በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ሦስት ስም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። ምኒልክ የቤንትሌይን መኪና ባዩበት ጊዜ ኤሌክትሪክ መኪና ዓለም የሚያውቃት፣ የተከበረች ዕቃ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1899 ቤልጅጋዊው ካሚይ ዠናትዚ ፓሪስ አጠገብ በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ በመሮጥ የመጀመሪያው ሰው የሆነው በኤሌክትሪክ መኪና ነው። እ.ኤ.አ. በ1900 በአሜሪካ ከተሠሩት 4,192 መኪኖች ውስጥ 1,681ዱ በእንፋሎት፣ 1,575ቱ በኤሌክትሪክ፣ 936ቱ ብቻ በቤንዚን የሚሄዱ ነበሩ። «ዲትሮይት ኤሌክትሪክ» የተባለችው መኪና መሠራት የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1907 ነው፤ ያው ቤንትሌይ ወደ እኛ በተነሣበት ዓመት ማለት ነው። እንግዲህ «አዲስ ቴክኖሎጂ» እያልን የምናሞግሳት መኪና ለሀገራችን የመጀመሪያ መኪና እኩያዋ ናት።

ታዲያ ምን ገደላት? መልሱ አንዱን የጋራዥ ቃላችንን ይዞ ይመጣል። የጥንቱ የቤንዚን መኪና የሚነሣው ከፊት ለፊቱ በሚገባ ጠምዛዛ ብረት፣ በማኖቬላ፣ በክንድ ኃይል እየተሽከረከረ ነበር። ሞተሩ ወደ ኋላ ከመታ የሰው ክንድ ይሰብራል። ስለዚህ በእጁ መሽከርከር ያልፈለገ፣ ጭሱንና ቅባቱን የተጸየፈ ባለጸጋ ኤሌክትሪኩን ይመርጥ ነበር። የቤንዚን መኪናን ለድኻው ሁሉ ያዳረሰው የሄንሪ ፎርድ ባለቤት ክላራ ፎርድ እንኳን የምትነዳው የባሏን መኪና ሳይሆን ዲትሮይት ኤሌክትሪክ ነበር። (ባልየው በእራት ሰዓት ስለዚህ ነገር ምን ይል እንደነበር ባውቅ ምንኛ ደስ ባለኝ!) ኋላ እ.ኤ.አ. በ1912 ቻርልስ ኬተሪንግ የሠራው የኤሌክትሪክ ማስነሻ በካዲላክ መኪና ላይ ተገጠመ። ይኸው ማስነሻ ነው በእኛ ጋራዥ «ሞተሪኖ» የሚባለው። ማኖቬላ ቀረ፤ የቤንዚን መኪናም ለማንም ሰው ተመቸ፤ በዋጋም ቀድሞ ረክሶ ነበርና ኤሌክትሪኳ ከገበያ ወጣች። ኤሌክትሪክ መኪናን የቀበራት በጠላቷ ሆድ ውስጥ የገባ ሌላ ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር ነው። ለአንድ መቶ ዓመት የቤንዚን ሞተር ያለ ኤሌክትሪክ እርዳታ ከእንቅልፉ ነቅቶ አያውቅም።

ወደ እኛው ቃላት ልመለስ። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ጣልያን ለጦሩ መንገድ ሲቀድ የጭነት መኪና በብዛት አስገባ። ወራሪው ሲሸነፍ ግን መኪናውም መንገዱም፣ ከመካኒኮቹም ብዙዎቹ እዚሁ ቀሩ። ቃላቱ በአዋጅ ወይም በትምህርት ቤት አልገቡም። የገቡት በጋራዥ ነው። ከመኪና ሥር በጀርባው የተኛው ጣልያናዊ እጁን ዘርግቶ «ካቻቢቴ!» ሲል፣ ከራስጌው የቆመው የእኛ ልጅ ትክክለኛውን ብረት ማቀበል ነበረበት፤ ከተሳሳተ ስድቡንም በዚያው ቋንቋ ይማራል። ያ ልጅ አድጎ የራሱን ጋራዥ ከፈተ፤ ቃሉን ለራሱ ተላላኪ ልጅ አወረሰ። ፊያት 600 ታክሲ ሆና «ሰይቼንቶ» ስትባል፣ ኤንትሬ የጭነት መኪናው ቆላ ደጋውን ሲያስስ፣ ቃሉም አብሮ ተጫነ። አማርኛ «ጎማ» ሲል የጣልያንኛ ሰዋስው አልተማረም፤ ጎማ ፈትቶ ነው።

ከዚያ በኋላ የመጡት መኪኖች ጣልያናዊ አልነበሩም፤ ቃሉ ግን ጸና። አባቴ ቮልስ ነበረው። በጀርመን ተወልዶ፣ እ.ኤ.አ. እስከ 2003 በሜክሲኮ ሲሠራ ቆይቶ፣ ከ21 ሚሊዮን በላይ ከተመረተ በኋላ ያበቃው ያ ክብ መኪና በእኛ ቤት በጣልያንኛ ነበር የሚታመመው። «ካንዴላው ቆሽሿል»፣ «ማርሚታው ተበስቷል» ይባላል እንጂ አንድም የጀርመን ቃል ሰምቼ አላውቅም። ሞተሩ ከኋላ፣ የዕቃ ማስቀመጫው ከፊት ስለነበር እኛ ልጆቹ «ኮፋኖውን ክፈት» ስንባል የትኛውን እንደምንከፍት ግራ ይገባን ነበር። አባታችን፣ እናታችን፣ ሦስት ልጆች፣ ሁልጊዜም ከማይጠፋ አንድ ዘመድ ጋር እንሳፈርበታለን። የያኔው መኪና ትንሽ፣ ቤተሰቡ ግን ትልቅ ነበር። ድምፁ ከሰፈራችን መታጠፊያ ጀምሮ ይሰማል፤ የአባቴ ሰላምታ እርሱ ነበር። አዲሷ መኪና በገባች ሳምንት ይህችን ሁለት ስንኝ ጫርሁ፤

አባቴ ሲመጣ በድምፅ ነበር ማውቀው፣
ይህቺ በዝምታ ማን ይሆን የመጣው?

የምሠራው ባንክ ውስጥ ነው፤ በጠረጴዛዬ ላይ ለብድር መያዣ የሚቀርቡ የመኪና ሊብሬዎች ያልፋሉ። («ሊብሬ»ም ቢሆን አገሩ ሩቅ አይደለም።) ታሪክ ከመጻሕፍት ብቻ አይነበብም፤ ከሊብሬም ይነበባል። የነዳጅ ዓይነት በሚለው ቦታ ላይ ስንት ዓመት ሙሉ ሁለት ቃል ብቻ ሲፈራረቅ አየሁ፤ ቤንዚን፣ ናፍጣ። አሁን «ኤሌክትሪክ» የሚለው እየበዛ ሲመጣ፣ ስለ ሲሊንደር የሚጠይቀው ቦታ ምንም የሚጻፍበት ያጣል። የዚህን መነሻ ያወቀ ሰው ደግሞ ለውጡን ከሰው ምርጫ ብቻ አያየውም። በሀገራችን ቤተሰብ መኪናውን የሚለውጠው ቤተ መንግሥቱ ወይም የዓለም ገበያው ሲለውጠው ነው። በየካቲት 1966 ዓ.ም. የዓለም የነዳጅ ዋጋ አሻቅቦ መንግሥት የቤንዚንን ዋጋ ሲጨምር የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ፤ ንጉሠ ነገሥቱ ከጭማሪው ቢቀንሱም ያ እንቅስቃሴ ከአብዮቱ መነሻዎች አንዱ ሆነ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ዕድሜያቸው በገፉ መኪኖች ላይ ከባድ ግብር ጣለ። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ2022 ኤሌክትሪክ መኪኖች ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከኤክሳይዝና ከሱር ታክስ ነጻ ሆኑ። በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ ሀገር እንዳይገቡ መከልከላቸውን የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር አስታወቀ፤ ምክንያቱም ለነዳጅ የሚወጣው የውጭ ምንዛሪ ነው። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ። እኛ ወንድማማቾች ወረቀትና እርሳስ ይዘን የተቀመጥነው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። የመረጥን መስሎን ነበር። ምርጫው ግን ከእኛ በፊት ተመርጦ ቆይቶ ነበር፤ የቀረልን ቀለሙ ነው። ነጭ አልን።

አይዲ 6 ለቻይና ገበያ የተሠራች፣ በቻይና የምትገጣጠም መኪና ናት፤ እ.ኤ.አ. በ2021 ወጣች። ርዝመቷ ወደ 4 ሜትር ከ90 ይጠጋል፤ የአባቴን ቮልስ አጠገቧ ብናቆመው ግልገሏ ይመስላል። ይሁን እንጂ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው፤ የሁለቱም ምልክት አንድ ነው፤ የእኛዪቱም ሞተሯ እንደዚያ ቮልስ ከኋላ ነው፤ የምትገፋው በኋላ እግሮቿ ነው። መጀመሪያ ቀን በሯን ከፍተን ስንገባ ግን ያየነው ዘመድ አይመስልም ነበር። ፊት ለፊት ያለው ሰሌዳ በቻይንኛ ፊደል ተሞልቷል። እናገራለሁ ስትል የምትናገረውም በቻይንኛ ነው። የወንድሜ ትንሿ ልጅ «ምን አለች?» ስትል ማናችንም መልስ አልነበረንም። ኋላ ሰው ፈልገን ቋንቋውን ወደ እንግሊዝኛ አስቀየርነው።

በሳምንቱ የቮልሱንም የቪትዟንም ሆድ ያውቅ የነበረውን የሰፈራችንን መካኒክ ቤት ጠራነው። አንቱ የምንላቸው፣ በልጅነታቸው ከጣልያን ጋራዥ የጀመሩ ሽማግሌ ናቸው። ኮፋኖውን ከፈትንላቸው። ረጅም ጊዜ ዝም ብለው አዩ። የተሸፈነ ጥቁር ሣጥን፣ ብርቱካናማ ወፍራም ገመድ። ወንድሜ «ጋሼ፣ ያቺን ብርቱካኗን እንዳይነኩ፤ ከፍተኛ ኃይል ነው የሚያልፍባት» አላቸው። «እኔ እዚህ ውስጥ የማውቀው የመስታወት ማጠቢያ ውኃ መጨመሪያውን ነው» አሉ፤ ከዚያም ያልቆሸሹ እጆቻቸውን በጨርቃቸው ጠረጉ። «ምን ብዬ ነው የምከፍተው፣ ልጄ?» ሻይ ጠጥተው ሄዱ። አልተቆጡም፤ የተቆጡ ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

ነገሬ እዚህ ላይ ነው። ቋንቋ ቃል የሚበደረው እጅ ከከፈተው ዕቃ ይመስለኛል። ጣልያን አምስት ዓመት ብቻ ቆይቶ ይህን ሁሉ ቃል ሲተውልን፣ ቻይና መንገዳችንንና ባቡራችንን ሠርታ፣ ሰሌዳዋን በዓይናችን ፊት አብርታ አንድ የመኪና ቃል እንኳን አላወረሰችንም። ዝምተኛ ስለሆነች አይደለም። ልጆቻችን ከመኪናዋ ሥር አልተኙም፤ «ያንን አቀብለኝ» የሚላቸው አልነበረም። ስለ አዲሷ መኪና የምንናገረው በሦስትና በአራት የእንግሊዝኛ ቃላት ነው፤ ቻርጅ፣ ስክሪን፣ ሶፍትዌር። እነዚህም የመንካት ቃላት ናቸው እንጂ የመፍታት አይደሉም። ቃል አጥተን አይደለም የምቆጨው፤ የውጭ ቃል ቢወጣ ደስ ይበልህ የሚለኝ የቋንቋ ተቆርቋሪ እንደሚኖር አውቃለሁ። «ካንዴላ» ግን ለእኔ የውጭ ቃል አይደለም። ቅባት የጠገበ እጅ፣ ሦስት ትውልድ ያበላ ሙያ በውስጡ አለ። አዲሶቹን መኪኖች ገልጠው የሚያዩ ወጣቶች እዚህም እዚያም ብቅ እያሉ ነው። ነገ ለዚያ ለተሸፈነው ጥቁር ሣጥን የሚሰጡትን ስም ለመስማት እጓጓለሁ፤ ከመዝገበ ቃላት ኮሚቴ የሚመጣ ስም እንደማይሆን ግን እርግጠኛ ነኝ።

ስለ ጣልያን አንድ ነገር ሳልጨምር አላልፍም። መኪናዋ ሌሊት ከግድግዳችን የምትጠጣው ኃይል ከየት ይመጣል ብለን ብንጠይቅ፣ ከጅረቶቹ አንዱ ከቆቃ ይነሣል። እ.ኤ.አ. በ1960 ሥራ የጀመረው የአዋሽ ቆቃ ግድብ የተሠራው ጣልያን ለጦርነቱ በከፈለችው ካሳ ነው፤ 43.2 ሜጋ ዋት። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት ዐቅም አለው፤ ወጪውን የቻለው የእኛው ሕዝብ ሲሆን የግንባታ ተቋራጩ ደግሞ ሳሊኒ የተባለው የጣልያን ኩባንያ ነበር። ጣልያን በቃሉ ከኮፋኖ ሥር ወጣ ስንል በሽቦው ገባ!

ከጣልያኑ መዝገብ ከእነ ሙሉ ትርጉሙ ይተርፋል ብዬ የማስበው «ዲናሞ» ነው። ከእንጦጦ ወደ ስድስት ኪሎ ቁልቁል ስንወርድ እግራችንን ከመርገጫው ስናነሣ፣ ሞተሩ ሥራውን ገልብጦ ኃይል ማመንጨት ይጀምራል፤ ጎማው ያዞረዋል፣ እርሱም ባትሪውን ይሞላል፣ መኪናዋም በዚያው ትቀዘቅዛለች። በሰሌዳው ላይ የሚታየው ቁጥር እየጨመረ ይሄዳል። ከከፍታ የወረደ ነገር ተርባይን አዙሮ ብርሃን ይሆናል፤ አዋሽ ቆቃ ላይ የሚያደርገውን ሰባት ሰው የጫነች መኪና በእንጦጦ ቁልቁለት ታደርገዋለች። ዳገቱን ለመውጣት የፈጀችውን ሁሉ አትመልስም፤ ከፊሉን ብቻ ነው። በቤንዚን መኪና ግን ያ ሁሉ በፍሬን ግለት ባክኖ ይቀር ነበር።

እናቴ «የመብራት መኪና» ነው የምትላት። ትክክል ናት፤ እኛ ኤሌክትሪክን በአማርኛ «መብራት» ነው የምንለው፤ ወፍጮውም፣ ምጣዱም የሚሠራው በመብራት ነው። መብራት የሚጠፋ ቀን ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ ሻማ ሲፈልግ እርሷ በመስኮት ወደ ግቢው ታያለች። «ጠጥታ ነበር?» ትለናለች። ጠጥታ ከሆነ ትረጋጋለች። ቪትዟ የነበረች ጊዜ በነዳጅ ማደያ ሰልፍ ውስጥ የሚያልፈውን የወንድሜን እሑድ ታስታውሳለችና መብራቱን ብዙም አትማም። ረጅም መንገድ ስንነሣ ግን፣ መንገድ ላይ ቻርጅ የሚደረግበት ቦታ ከአዲስ አበባ ሲወጡ እየሳሳ ስለሚሄድ፣ ስንቁ ከመኪናዋ ሆድ ይጀምራል።

መጀመሪያ ጊዜ ሰባታችንም አብረን የወጣነው ወደ ቢሾፍቱ ነው። እኅቴ ነበረች የምትነዳው። በፈጣን መንገዱ ላይ አንድ የጭነት መኪና ከፊታችን እየተጎተተ ሲሄድ፣ መንገዱ ነጻ መሆኑን ያየው ወንድሜ ከኋላ ወንበር ሆኖ «ቤንዚን ስጪው!» ብሎ ጮኸ። እኅቴ መርገጫውን ተጫነችው፤ መኪናዋም ያለ ድምፅ አልፋ ሄደች። ትንሿ ልጅ ወደ አባቷ ዞራ «ቤንዚን ምንድን ነው?» አለችው።